የደንዲ ታሪክ ማደሪያ ቤት ይሰጠው

ለደንዲ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣
ለጊንጪ ከተማ አስተዳደር፣
ለምዕራብ ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣
ለአምቦ ዩኒቨርሲቲ፣
እንዲሁም በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በባሕር ማዶ ለምትኖሩ የደንዲ ልጆች በሙሉ

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ጊንጪ ውስጥ የደንዲን ታሪክ የሚይዝ ቤት ይከፈት። አዲስ ሕንፃ ይገንባ አላልኩም። ከቆሙት አሮጌ የመንግሥት ቤቶች አንዱ ለዚህ ይመደብ፣ ሥራውም ሽማግሌዎቻችንና አሮጊቶቻችን በሕይወት ሳሉ ይጀመር ነው የምለው። መደበኛውን ማመልከቻ በአፋን ኦሮሞ ለብቻው አስገባለሁ። ይህኛውን በአማርኛ የጻፍኩት ጉዳዩ ከቢሮ ውጭ ያሉ ሰዎችንም ስለሚመለከት ነው። አያቶቻቸው ከደንዲ ወጥተው በየከተማው የቀሩ፣ በሣጥናቸው ውስጥ የእኛን ፎቶግራፍና የእኛን ወረቀት ይዘው የተቀመጡ ብዙ ናቸውና እነሱም ያንብቡት።

ሐሳቡ የጠናብኝ ድሬዳዋ ነው። ለዘመድ ሠርግ ሄጄ በማግስቱ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያለውን፣ ዛሬ እንደ ሙዚየም የሚታየውን አሮጌውን የምድር ባቡር ጣቢያ ጎበኘሁ። ከፊት ለፊት የፈረንሳይኛ ስም ያለበት የጣቢያው ሕንፃ ቆሟል። ከጀርባው መንገደኛ የማይሳፈርበት መድረክ፣ ሣር የበቀለባቸው ሐዲዶች፣ ቀለማቸው የለቀቀ ፉርጎዎች አሉ። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ጋራዥ ነው። ጣራው ከፍ ያለ፣ ውስጡ ጨለም ያለ አዳራሽ ሲሆን በውስጡ የብረት መቅረጫ፣ የመብሻ፣ የመቀጥቀጫ ማሽኖች ተደርድረዋል። ከአውሮፓ በመርከብ መጥተው በዚሁ ባቡር የገቡ ናቸው። የባቡሩ መንኮራኩር ሲበላ የሚስተካከለው፣ የተሰበረ ብረት የሚጠገነው እዚህ ነበር።

ያስጎበኙን አዛውንት ዕድሜያቸውን በዚያው ጋራዥ የፈጁ ሰው ናቸው። በአንድ ትልቅ ማሽን አጠገብ ቆመው ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራበት፣ የትኛው ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ሳይጠበቅ እዚያው እንደተፈበረከ ነገሩን። ደወሉ ሲደወል ሠራተኛው በየትኛው በር እንደሚገባ በእጃቸው እያመለከቱ አሳዩን። ያን ጊዜ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ እኚህ ሰው ባይኖሩ ይህ ሁሉ ብረት ምን ይነግረኝ ነበር? ማሽኑ ላይ የፋብሪካው ስም በብረት ተጽፏል። የሠራበት ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም፤ ያለው በአዛውንቱ አእምሮ ውስጥ ነው። እሳቸው ሲያልፉ አብሯቸው የሚሄደው ሊተካ የማይችል ነገር ነው። ከድሬዳዋ ስመለስ በመንገዴ ሁሉ ያሰብኩት ይህንን ነበር፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

ለማያውቁት ወጣቶች የባቡሩን ታሪክ በአጭሩ ልንገራቸው። ውሉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። የሐረር አቀበት ለባቡር አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ በመሆኑ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ በሜዳው አለፈ፤ ከተማ ባልነበረበት ስፍራም ከተማ በቀለ። ከዚያ ሥራውን የያዘው ኩባንያ ከሰረና በ1900 ዓ.ም. ሌላ ኩባንያ ተረክቦ ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የለገሃር የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም.። መንገዱ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱትም በዚሁ ሐዲድ ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ጉዞ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያዎቹ ከየከተማው ወጣ ብለው ተሠሩ፤ አሮጌዎቹም በመሐል ከተማ ሥራ ፈትተው ቀሩ።

ሥራ የፈታ ጣቢያ ዕጣው ሁለት ነው፤ ወይ ይፈርሳል፣ ወይ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ፓሪስ ውስጥ ኦርሴ የሚባል ጣቢያ አለ። በ1900 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ባቡሮች እየረዘሙ ሲመጡ መድረኩ አጠራቸውና ለረጅም ጉዞ ዋጋ አጣ። ሊፈርስ ታስቦ ከተረፈ በኋላ በ1986 እ.ኤ.አ. ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጎርፍበት ቤት ነው። መዲና ከተማ ያለው የጥንቱ የሒጃዝ ባቡር ጣቢያም ሙዚየም ሆኗል። ስለዚህ ድሬዳዋ ያየሁት ነገር ብቻውን የቆመ አይደለም። አሮጌ ቤት ለታሪክ ማደሪያነት መስጠት በብዙ አገር የተሞከረና የተሳካ ነገር ነው።

«ለደንዲ ባቡር ምኑ ነው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በእኛ በኩል ሐዲድ አልተዘረጋም። ነገር ግን አዋሽን አስቡት። አዋሽ የሚነሣው ከጊንጪ አቅራቢያ ካለው ደጋ ነው። እኛ በልጅነታችን በእግር የምንሻገረው ውሃ ወርዶ፣ ቆቃን ሞልቶ፣ መተሐራን አጠጥቶ፣ ባቡሩ በድልድይ የሚሻገረው ትልቅ ወንዝ ይሆናል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ባቡሩና የእኛ ውሃ መድረሻቸው አንድ አቅጣጫ ነው። ከምዕራብ የሚመጣው ቡና፣ ቆዳና ሰም ደግሞ በእኛ በር እያለፈ ነበር አዲስ አበባ የሚደርሰው፤ ከዚያ ወዲያ ለገሃር ላይ ፉርጎ ውስጥ ይገባል። አያቶቻችን በቅሎ እየነዱ ያደረሱት ጭነት ጅቡቲ ላይ መርከብ ላይ ይወጣ ነበር።

የእኛ የራሳችን ታሪክ የመንገድ ታሪክ ነው። ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥር አዲስ ዓለምን አዲስ ዋና ከተማ ሊያደርጉ ጀምረው ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የተሠራው መንገድ በአገሪቱ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ሲስፋፋ የማገዶው ችግር ተቃለለ፣ ዋና ከተማውም በቦታው ቀረ፤ አዲስ ዓለም ላይ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ በቅጥሩ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኗ ዕቃ ቤት ለጎብኚ ክፍት ነው። እንግዲህ በገዛ ዞናችን ውስጥ፣ ከጊንጪ ብዙ ሳይርቅ፣ ለአንድ ሥራ ታስቦ ለሌላ ሥራ የዋለና በዚያው የዳነ ሕንፃ አለን። ትምህርቱን ከፓሪስ ማምጣት እንኳ አያስፈልገንም።

በዚያው መንገድ በኋላ ጣሊያን ገባ፣ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪናም አብሮት መጣ። ጊንጪ፣ ጉደር፣ አምቦ ሁሉም የመንገድ ዳር ከተሞች ናቸው። የመኪና ረዳት ሆነው ያደጉ፣ ማደያ የሠሩ፣ በገበያ ቀን ሻይ ያፈሉ ሰዎች ዛሬም በመሐከላችን አሉ። ቤቱ ቢከፈት የመጀመሪያው ክፍል ስለ መንገድ እንዲሆን እመኛለሁ።

ሁለተኛው ክፍል ስለ አፈር ቢሆን ደስ ይለኛል። ይህን ሐሳብ ሳወራ ሰዎች ይገረማሉ፤ አፈር ምን ይታያል ይላሉ። የጊንጪን ኮትቻ የሚያውቅ ግን አይገረምም። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውሃ ይዞ እግር ያሰጥማል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ክንድ ያስገባል። አባቶቻችን ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቀው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘሩበት ነበር። ያን ሁሉ ዝናብ እያዩ መሬቱን ሳያርሱት ማለፍ ምን ያህል እንደሚያቃጥል የሚያውቀው ገበሬ ነው። የጥቁር አፈር ተመራማሪዎች ጊንጪ ላይ ጣቢያ አቋቁመው ለዓመታት ሲሠሩ ከመጡት ነገሮች አንዱ ቢቢኤም ተብሎ የሚታወቀው መሣሪያ ነው። ከሁለት የአገር ማረሻ ተጣምሮ የተሠራ፣ በበሬ የሚጎተት፣ አፈሩን በሰፊ መደብ ከፍ አድርጎ ውሃውን በቦይ የሚያንጠፈጥፍ ነው። ገበሬው በጊዜ እንዲዘራ ያስቻለ ሐሳብ ነው። አንዳንዱ ገበሬ ወደደው፣ አንዳንዱ ከበደው ብሎ ተወው። ሁለቱም መመዝገብ አለበት። ዛሬ በአንዱ ጓሮ ቢቢኤም ዝጎ ተጥሎ ካለ፣ ቆራሌው ሳይወስደው አንሡት። አጠገቡ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩ ይቀመጥ፤ ከዚያ ያረሱበትን ሰዎች ድምፅ አስቀምጡ።

ከዚሁ አፈር የወጡትንም አንርሳ። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የተወለዱት በዚሁ መንገድ ላይ ባለችው ወሎንኮሚ ነው። ድርቅን የሚቋቋምና አቀንጭራ የማያጠቃው ማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ጠቅመዋል። ባለቅኔው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት አምቦ አቅራቢያ ቦዳ ነው። ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ደግሞ የደንዲ ልጅ ናቸው፤ በጥር 1913 ዓ.ም. ዩብዶ ተወለዱ፣ ጣሊያን ሲገባ ገና ለጋ ወጣት ሳሉ ጫካ ገቡ፣ «የበጋው መብረቅ» ተባሉ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. አረፉ። ከነጻነት በኋላ የጦር አዛዥ ሆነው በባሌ የሠሩትም እሳቸው ናቸው፤ የባሌ ሰው ስለዚያ ዘመን የራሱ ትዝታ አለው። አርበኝነታቸውን ሰቅለን የኋላውን ብንደብቅ ለልጆቻችን ግማሽ ሰው እናወርሳቸዋለን። የጃገማን ታሪክ በትልቅ ፎቶግራፍ ብቻ መጨረስም አይበቃም። አብረዋቸው የተዋጉ፣ ስንቅ ያቀበሉ፣ መልእክት ያደረሱ፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ቤተሰቦች ዘሮች ዛሬም በደንዲ ገበሬ ማኅበራት አሉ። የእነሱን ስም ማንም አልጻፈውም።

ስለ ገዳ የሚቀርበው ክፍል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የሆነው ኦዳ ቢሲል በዞናችን ውስጥ ነው። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ካሰፈረ ዓመታት አልፈዋል። ገዳ ግን በመስታወት ሣጥን የሚቆለፍ ዕቃ የለውም፤ የሚኖረው በሰዎች አፍና በሥርዓቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ በአባ ገዳዎችና ሲንቄ የተባለውን በትር በሚይዙት እናቶች፣ በሐደ ሲንቄዎች እጅ ይሁን። ሲንቄ ምን እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደምትወጣ የሚናገረው ወረቀት በሐደ ሲንቄዎቹ ቃል ይጻፍ። ከውጭ የመጣ ባለሙያ በሁለት ቀን ጎብኝቶ የሚጽፈው ነገር አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው ሊያልፈው ወደሚፈልገው ጉዳይ ልግባ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ሲገባ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከአፍሪካ የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ስለ ምድር ባቡር የሚናገር ቤት የንጉሡን ፉርጎ አሳይቶ ያን ቀን ቢዘል ሟቾቹን ሁለተኛ መቅበር ነው። ለእኛም እንደዚሁ ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ተማሪዎች የተነሣው ተቃውሞ መላ ኦሮሚያን አዳርሶ የአገሪቱን መንገድ ለውጧል። የተቃውሞው መነሻ የሆነው የጭልሞ ደንና የከተማው ሜዳ ጉዳይ እንዴት እንደጀመረ፣ ልጆቹ ምን እንዳሉ፣ ማን እንደወደቀ የሚያውቁት የጊንጪ ሰዎች ናቸው። እናቶቹ በሕይወት አሉ፤ የልጆቻቸው ደብተርና ፎቶግራፍ በእጃቸው ነው። ይህን ለመናገር ጊዜው ገና ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን ጊዜው እያለፈ ነው እላለሁ። ቢያንስ ይሰብሰብ፣ ይመዝገብ፣ ይጠበቅ። ምን መቼ ለሕዝብ እንደሚታይ ቤተሰቦቹ ተቀምጠው ይወስኑ፤ ያለፈቃዳቸው አንድም ፎቶግራፍ አይሰቀል። የፖለቲካ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ግድግዳው እንዳይገለበጥም የሚቀርበው ነገር በማስረጃና በምስክር ቃል ብቻ ይቁም።

ጭልሞን ካነሣሁ አይቀር፣ ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከቀሩት ጥቂት የደጋ ደኖች አንዱ ነው። በኅብረተሰብ ተሳትፎ ደን የማስተዳደር ሥራ በአገራችን ቀድሞ ከተሞከረባቸው ስፍራዎች አንዱም ይኸው ነው። የመጣ እንግዳ ደንዲ ሐይቅንና ወንጪን አይቶ በጊንጪ በኩል ሲመለስ፣ አሁን ባለው ሁኔታ ቡና ጠጥቶ ከማለፍ በቀር የሚያቆመው ነገር የለም። አንድ ሰዓት የሚያቆየው ቤት ቢኖር ለከተማውም ገቢ ነው። ይህን የጨመርኩት በጀት የሚያዩ ኃላፊዎችም ስለሚያነቡኝ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከቱሪስቱ ይልቅ የጊንጪ ተማሪ ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ ከወዲሁ እሰማዋለሁ። ለዚህ ሐረርን እጠቅሳለሁ። ድሬዳዋ ያደረ ሰው ሐረር መውጣቱ አይቀርምና እኔም ወጥቼ የሸሪፍን ሙዚየም አየሁ። አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ የሐረር ተወላጅ በራሳቸው ፍላጎትና በራሳቸው ገንዘብ የጥንት መጻሕፍትን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጣጌጦችን፣ የሙዚቃ ቅጂዎችን ሰበሰቡ። በመጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ነበር የሚያሳዩት። በኋላ በራስ ተፈሪ ስም የሚጠራው አሮጌ ቤት ተሰጣቸው፤ ዛሬ ስብስቡ ያለው እዚያ ነው። አንድ ግለሰብ ልቡን ሰጠ፣ መንግሥት አሮጌ ቤት ሰጠ፣ ሕዝቡ አምኖ ዕቃውን ሰጠ። ደንዲ ውስጥ ልብ ያላቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የእናንተ ድርሻ ቤቱ ነው።

ሕዝቡ አምኖ እንዲሰጥ ግን የአሠራሩ ነገር ከመጀመሪያው መስተካከል አለበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ አንዲት እናት የባሏን የአርበኝነት ሜዳይ ስታመጣ በሞዴል 19 ገቢ አድርጋችሁ የጽሕፈት ቤቱ ንብረት አታድርጉባት። የአደራ ውል ይዘጋጅላት። በውሉ ላይ የዕቃው ፎቶግራፍ፣ የባለቤቷ ስም፣ የቆይታው ጊዜና በፈለገች ጊዜ መልሳ የመውሰድ መብቷ ይስፈር፤ አንዱ ቅጂ በእጇ ይቅር። ሰው አንዴ ሰጥቶ የጠፋበት ዕቃ ካለ ጎረቤቱም አይሰጥም። በየገጠሩ «ለኤግዚቢሽን» ተብሎ ተወስዶ ያልተመለሰ ዋንጫና ጋሻ ታሪክ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።

የቀረጻው ሥራ ከቤቱም ሊቀድም ይችላል፤ እንዲያውም ሊቀድም ይገባል። ቤት ነገ ይገኛል። የሰማንያ ዓመት ሰው ግን ነገ ላይኖር ይችላል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት የሚመዘዝ የአካባቢያችን አንጋፋ ተቋም ነው። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎቻችሁን ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ሩቅ ቦታ ከመላክ ይልቅ ወደ ደንዲ ቀበሌዎች ላኩልን። ስልክ እንኳ ጥሩ ድምፅ ይቀዳል። ተማሪው የሽማግሌውን ቃል በራሱ ቋንቋ ይቅዳ፣ ይጻፍ፣ ለሽማግሌው መልሶ ያንብብለትና ያስፈርመው። ቅጂው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትም፣ በወረዳውም፣ በቤተሰቡም ይቀመጥ፤ አንድ ቦታ ቢጠፋ ሌላ ቦታ እንዲተርፍ። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞ ይቅደም፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ይከተሉ። ትልልቅ ፊደል ተጠቀሙ፤ መነጽር የሌላቸው አዛውንቶች የራሳቸውን ቃል ግድግዳ ላይ ማንበብ አለባቸው።

ቤቱን በሚመለከት የማሳስበው አንድ ብቻ ነው። በየከተማው መንገድ እየሰፋ፣ አዳዲስ ሕንፃ እየተነሣ ነው። የልማት ሥራውን አልቃወምም። ነገር ግን አሮጌ የመንግሥት ቤት ለማፍረስ ሲወሰን ባህልና ቱሪዝም ቀድሞ ይየው፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ዕድሜውና የሠራበት ሥራ ይጻፍ፤ ከሚፈርሱት አንዱም ለታሪክ ቤት ይትረፍ። የጭቃም ቢሆን፣ ቆርቆሮውም ቢያፈስ፣ ጠጋኝ ሞልቷል።

ወደ ባቡሩ ልመለስ። በአገር አቀፉ የባቡር መስመር ዕቅድ ከአዲስ አበባ በአምቦና በኢጃጂ በኩል ወደ ጅማ የሚሄድ መስመር ተሥሎ ያውቃል፤ ከኢጃጂም ወደ ነቀምትና አሶሳ የሚገነጠል መስመር አብሮት ታቅዷል። መቼ እንደሚሠራ እኔ መናገር አልችልም። የሚሠራ ከሆነ ግን ለጊንጪና ለአምቦ የሚነደፈው ጣቢያ ከመጀመሪያው ንድፉ ላይ ለአካባቢው ታሪክ አንድ ክፍል ይኑረው። ድሬዳዋ ጣቢያው ሥራ እስኪፈታ ጠብቃ ነው ታሪኳን ወደ ውስጡ ያስገባችው። እኛ መንገደኛው ባቡር ሲጠብቅ ስለ ኮትቻው፣ ስለ አዋሽ ምንጭ፣ ስለ ዩብዶ አርበኞች የሚያነብበት ጣቢያ ገና ከጅምሩ ልናገኝ እንችላለን። ለኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽንም ይህን ጥያቄ በዚህ ደብዳቤ አቀርባለሁ።

በአዲስ አበባና በውጭ ላላችሁ የደንዲ ልጆች፦ ከአባታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለውን አሮጌ ደብዳቤ፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አትጣሉ። ከጀርባው የማን ስም እንዳለ፣ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ዘመድ ሳለ በእርሳስ ጻፉበት። ለጊዜው በቤታችሁ ይቀመጥ፤ ፎቶውን በስልክ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ፣ ወላጆቻችሁ ከእኛ በኩል ተነሥተው በምድር ባቡር ተቀጥረው የቀሩ ካላችሁ፣ የእነሱ ታሪክ የሁለት ከተማ ታሪክ ነው፤ ለሁለቱም ንገሩ።

ለጽሕፈት ቤቶቹ የማቀርበው የመጨረሻ ጥያቄ ቀን እንድትቆርጡ ነው። በጊንጪ የገበያ ቀን፣ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ሰዓት፣ አባ ገዳዎች፣ ሐደ ሲንቄዎች፣ የአርበኛ ቤተሰቦች፣ የምርምር ጣቢያው ባለሙያዎች፣ መምህራንና የ2008ቱ ቤተሰቦች የሚገኙበት ስብሰባ ጥሩልን። አጀንዳው ሁለት ይሁን፤ የትኛው ቤት፣ ከማን መቅዳት እንጀምር። እኔ በበኩሌ በቤቴ ያሉትን የአባቴን የገበያ ደብተሮችና ሁለት ፎቶግራፎች በአደራ ውል ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ፤ ለቀረጻውም በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ አገለግላለሁ።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከታላቅ ሰላምታ ጋር
የጊንጪ ከተማ ነዋሪ